የበጉ ግራ እግር

ዶክተር ቶሎሳን የቀበርናቸው ሰበታ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ጎልማሳ ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ይህን አልክድም። የተማሩበትን አገር፣ ያስተማሩበትን ዘመን፣ የልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ስም አንድም ሳያስቀር አነበበ። ሥራቸው ላይ ሲደርስ ግን «በብርጭቆ ዙሪያ ልዩ ልዩ ምርምሮችን አካሂደዋል» ብሎ ገጹን ገለበጠ። በብርጭቆ ዙሪያ! አጠገቤ የቆሙ ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የብርጭቆ ነጋዴ ነበሩ እንዴ?» አሉኝ። ቀብር ላይ መጮህ ነውር ነው ብዬ ነው እንጂ ወረቀቱን ከሰውየው እጅ መንጠቅ አምሮኝ ነበር። ከእሳቸው ጋር በአንድ ላቦራቶሪ ስንት ዓመት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ እዚያ ያልተነበበውን እዚህ ልጻፈው።

ዶክተር ቶሎሳ አጥንት የሚተካ ብርጭቆ ይሠሩ ነበር። ነገሩ እንደ ተረት ይመስላል፣ ግን ተረት አይደለም። የሰው አጥንት ሲሰበር ራሱን ይጠግናል። ቁራጩ ከጠፋ ግን፣ በመኪናም ይሁን በጥይት፣ ክፍተቱን አጥንቱ ብቻውን መሻገር አይችልም። ከሌላው አካሉ አጥንት ተቆርጦ ይተከልለታል፣ ወይም ብረት ይገባለታል፣ ወይም እግሩ ይቆረጣል። የእሳቸው ሐሳብ ክፍተቱን ከጤፍ ባነሱ የብርጭቆ ዶቃዎች መሙላት ነው። ብርጭቆው የመስኮት ብርጭቆ አይደለም፤ አጥንት ራሱ የተሠራበት ካልሲየምና ፎስፎረስ አለበት። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ቀስ እያለ ይሟሟል፣ በቦታውም አጥንት ይተካል። «ጥሩ እንግዳ ማለት ይሄ ነው» ይሉ ነበር፣ «ቤቱን ሠርቶ፣ ለባለቤቱ አስረክቦ ይወጣል።»

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁት «ለምን ክብ ሆነ?» ብለው ነው። መልሳቸው አይለወጥም። መደርደሪያው ላይ ያለውን ማሰሮ መሳይ ጠርሙስ ያወርዱና እስከ አፉ ደረቅ አተር ይሞሉበታል። «ሞላ?» «ሞላ።» ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያንቆረቁሩበታል፣ ውሃው ጠብ ሳይል ይገባል። «የት ገባ?» ተማሪው ይስቃል። «በመሃል ነው የገባው። ደምም እንደዚሁ ነው፣ መንገድ ካልሰጠኸው አይመጣም። ደም ያልመጣበት ቦታ ደግሞ አጥንት አይበቅልም።» የተፈጨ ብርጭቆማ ስለት ስላለው እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ ጎረቤቱን ያቆስላል፣ ለማንም መንገድ አይሰጥም። ይህን ሲሉ ከጉልበታቸው በታች ያለውን የራሳቸውን አገዳ በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉ ነበር፤ በሩን ያንኳኩ ይመስል። ይህ አመል መንገድ ላይም አይለቃቸውም። የሚያነክስ ሰው ካዩ ንግግራቸውን አቋርጠው ከኋላው ያዩታል። «ግራ ጭኑ ነው። ተሰብሮ አጥሮ ነው የገጠመው» ይሉኛል። እኔ አፍሬ ክንዳቸውን እጎትታለሁ።

ዶቃዎቹን የምንሠራው ሰበታ ካለ የጠርሙስ ፋብሪካ ጋር ተለማምጠን ነው። መሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ሙቀት የሚሰጥ እቶን የለውም፤ ሊገዛ ነው እየተባለ ነው እኔም ያረጀሁት። ፋብሪካው ለሙከራ የሚጠቀምባት ትንሽ እቶን ነበረችው። የብርጭቆውን ጥሬ ዱቄት እዚያ እናቀልጣለን፣ ቀልጦ እንደ ማር ሲሆን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስናፈሰው ይፈረካከሳል። ያንን ይዘን ወደ ላቦራቶሪ እንመለስና እንፈጨዋለን፣ በወንፊት እለየዋለሁ፣ ከዚያ ዶክተር ቶሎሳ ሽቅብ በሚነድ የጋዝ ነበልባል ውስጥ ከላይ ይበትኑታል። እያንዳንዷ ቅንጣት በእሳቱ ውስጥ ስትወድቅ በአየር ላይ ትቀልጥና ራሷን ጠቅልላ ክብ ሆና ትሰበሰባለች። ክብ ያልሆኑትን ለመለየት የመስኮት መስታወት አዘንብለው ይይዙና በእርሳስ መታ መታ ያደርጉታል። ክቦቹ እየተንከባለሉ ይወርዳሉ፣ ጎባጦቹ እዚያው ይቀራሉ። መብራት ካልጠፋ ሙሉ ቀን እንዲህ ሲያደርጉ ይውላሉ። እኔ ከቡራዩ በሁለት ታክሲ ተጋፍቼ ደርሼ ይህን ትዕግስት ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር። «ቁጡዋ መጣች» ይሉኛል ቀና ሳይሉ።

የፋብሪካው ጥበቃ በሄድን ቁጥር ይመዘግበናል። «ከየት ነው የመጡት?» ይላቸዋል። «ከዚሁ» ይላሉ። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው፣ አንድ ቀን እቶኗ እስክትግል ውጭ ቆመን ስንጠብቅ፣ እቶኗ ያለችበት ቦታ የአባታቸው የገብስ ማሳ እንደነበር በአገጫቸው ጠቁመው የነገሩኝ። እንዴት አያናድድዎትም አልኳቸው። «ያናድደኛል። ግን እቶን ያለው እዚህ ነው» አሉ።

ዶቃው ከተሠራ በኋላ በበግ ላይ መሞከር ነበረበት። የመሥሪያ ቤታችን የእንስሳት ማቆያ ጣሪያው ሊጠገን ነው ተብሎ ከተዘጋ ስንት ጊዜው፣ ስለዚህ ዶክተር ቶሎሳ የልጅነት የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ዘንድ፣ ሱሉልታ ያሉ ኦቦ ድሪባ የሚባሉ ገበሬ ዘንድ ሄዱ። ሦስት በጎች እዚያ ተቀመጡ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ የእያንዳንዱን በግ ሁለት የኋላ ቅልጥም በሳ። በግራው ቀዳዳ ዶቃው ተሞላ፤ የቀኙ ለማነጻጸሪያ ባዶውን ተሰፋ። ኦቦ ድሪባ ሁሉንም ቆመው አዩ። «ግራው መድኃኒት አለው፣ ቀኙ የለውም» ብለው ለቤተሰቡ ደጋግመው ያስረዱ ነበር። ጊዜው ሲደርስ በጎቹ ይታረዳሉ፣ ሥጋው የእሳቸው፣ ሁለቱ ቅልጥሞች ጥሬያቸውን የእኛ፤ ስምምነታችን ይህ ነበር። እስከዚያው አጥንቱ ከደረሰበት ለመከታተል ራጅ እናነሳለን።

ራጁ ነው ጉድ ያደረገን።

ያን ሰሞን ከማስተር ፕላኑ ሌላ ወሬ አልነበረም። አዲስ አበባ ሱሉልታን ልትውጥ ነው፣ ገበሬው ሊነሳ ነው እየተባለ፣ ሜትር ይዞ የታየ ሰው ሁሉ በክፉ ዓይን ይታይ ነበር። በዚህ ሰዓት ነው እንግዲህ እኛ ሁለት የተማርን ሰዎች በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቀመጥ የራጅ መሣሪያ ከአንድ የእንስሳት ክሊኒክ ተውሰን በማሳ መካከል የሄድነው። በጉን ከአንድ ነጭ እንጨት ጋር አሰርነው። ጨረሩ እንዳያገኘን ራቅ ብለን መቆም ስላለብን ዶክተር ቶሎሳ በእርምጃ ለክተው ወደ ኋላ ሄዱ፣ እጃቸውንም አንስተው «እዛው! አትነቃነቂ!» እያሉ ይጮሁብኛል። ከሩቅ ለሚያየን ምን እንደምንመስል ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

«ለፈ ሰፈሩ ዱፈን!» ብሎ አንዱ ጮኸ። መሬት ሊለኩ መጡ ማለት ነው። ከየት እንደመጡ ሳናውቅ ወጣቶች ከበቡን። ዶክተር ቶሎሳ እጃቸውን ዘርግተው «ኢጆሌ ኮ፣ ሆላ ኢላሉፍ ዱፍኔ» አሉ፤ ልጆቼ፣ በግ ልናይ ነው የመጣነው። የኦቦ ድሪባ ልጅ ጉተማ፣ ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፣ እየሮጠ መጥቶ መሃል ገባ። «የአባቴ እንግዶች ናቸው፣ ፕሊስ ስሙኝ!» አለ።

«በግ ለማየት መሣሪያ ያስፈልጋል እንዴ?» አለው አንዱ።

እውነቱን ለመናገር ለዚህ አጭር መልስ የለም። ጉተማ እያስረዳ እያለ የመጀመሪያው ድንጋይ መሣሪያውን መታው፣ ቀጥሎም ሌሎቹ። እኛን ማንም አልነካንም። መሣሪያው ግን ከዚያ ወዲያ መሣሪያ አልነበረም።

ኦቦ ድሪባ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ዶክተር ቶሎሳ «የአባቴን መሬት የወሰዱት ሰዎችም ባለ ሦስት እግር ይዘው ነው የመጡት» አሉ። «ያኔ ወጣት ነበርኩ። ድንጋይ አልወረወርኩም። ሻይ አፍልቼ ነው ያቀረብኩላቸው።»

«ይህን እያወቁ ነው ይዘን እንሂድ ያሉኝ?» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት።

«ረሳሁት። በጉን ብቻ ነው ያሰብኩት።»

ከዚህ ሁሉ ሰው እሳቸው ሊረሱት ይገባል? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ክሊኒኩ ሁለተኛ ዓይናችሁን አያሳየኝ አለ። የመሥሪያ ቤታችን ኮሚቴ ደግሞ ውጤት ካላመጣችሁ ምርምሩ ይዘጋል ብሎ ጻፈልን። ራጅ ከሌለ የቀረን አጥንቱ ራሱ ብቻ ነው፤ ጥሬውን ወጥቶ፣ በቀጭኑ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። የብዙ ዓመት ሥራ በሦስት በጎች እግር ላይ ተንጠለጠለ። ጊዜው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በማስተር ፕላኑ የተነሳ ረብሻ ተነስቶ መንገዱ ተዘጋ። እኔ ራሴ ከቡራዩ መውጣት አቅቶኝ ቤቴ ተቀምጬ ስልክ እሞክራለሁ፣ የኦቦ ድሪባ ስልክ አይሠራም። ለዶክተር ቶሎሳ እደውላለሁ። «በጎቹ ሣር እየበሉ ነው፣ አንቺም ምሳሽን ብዪ» ይሉኛል።

መንገዱ እንደተከፈተ መሥሪያ ቤቱ መኪና አልሰጥም ስላለ በሚኒባስ ሄድን። ኦቦ ድሪባ ከሩቅ አይተውን እስከ በሩ ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ፊታቸው ግን እየሳቀ ነው፤ ዶክተር ቶሎሳን በልጅነት ስማቸው ጠርተው ሰላም አሉ።

«አካም ጂርታ ቶሌ! እንኳን መጣህ! መድኃኒትህን ለልጄ ሰጠሁት!»

ምን እንደሚሉ አልገባንም። ስንገባ ጉተማ መደብ ላይ ተኝቷል፤ የግራ አገዳው ከውጭ በብረት ታስሯል። በረብሻው ቀን በፍቼ መንገድ ላይ ጥይት መትቶት ጣት የምታህል አጥንት ይዞበት ሄዷል። ሆስፒታሉ ብረቱን አስሮ ቤቱ ልኮታል፤ ካልገጠመ ይቆረጣል ተብሏል። ሁለቱን በጎች ኦቦ ድሪባ ለሕክምናው ብለው ጫንጮ ወስደው ሸጠዋቸዋል።

«ሦስተኛውስ?» አልኩ።

ኦቦ ድሪባ ወደ ምድጃው አመለከቱ። ድስቱ እዚያ ነው።

አጥንቱ የተሰበረ ሰው ቅልጥም እንደሚሰጠው የማያውቅ የለም፤ መረቁን ይጠጣል፣ መቅኑን ይመጠምጣል። ኦቦ ድሪባ ደግሞ የትኛው ቅልጥም መድኃኒት እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃሉ። «ተበስቶ ነበር፣ ሲሮጥ አየሁት» አሉ። «ልጄ እንዲህ ተኝቶ በጉ ይሩጥ? አረድኩት። ግራውን ለብቻው ቀቅዬ መቅኑን በእጄ አጎረስኩት።»

«ኦቦ ድሪባ! አጥንቱን አይንኩ ብለንዎት አልነበረም?»

«ብላችሁኛል። ግን ልጄ ነው።»

ምን ይባላል? ልጮህባቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ዶክተር ቶሎሳ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉና «ድሪባ፣ አጥንቱ የት አለ?» አሉ በጣም በቀስታ።

«መቼ ጣልኩት? ያንተ አይደል እንዴ።» ከመደርደሪያ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውርደው ፈቱት፤ የሁለቱ ቅልጥሞች ስብርባሪ ነው። «አንድ ነገር ግን አስገርሞኛል» አሉ። «ቀኙን ቀዳዳው ላይ በመጥረቢያ ጀርባ አንዴ ስመታው ለሁለት ሆነ። ይሄ ግራው ግን በመድኃኒቱ ቦታ ብመታው ብመታው እምቢ አለኝ። ስንጣሪ ነው የሰጠኝ። በመጨረሻ ከላይ፣ ከጉልበቱ ሥር ሰበርኩት።»

ዶክተር ቶሎሳ የግራውን ቁራጭ ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ከደረት ኪሳቸው የማጉያ መነጽራቸውን አወጡ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ አጥንቱንም መነጽሩንም ለእኔ ሰጡኝ። ስንጣሪው በተነሳበት ቦታ አየሁ። ገና ያልሟሙ ጥቂት ዶቃዎች እንደ ጤዛ ያበራሉ። በመሃላቸው ያ ውሃ የምናንቆረቁርበት ክፍተት የለም። አጥንት ነው። ከዳር እስከ ዳር አጥንት ሞልቶታል። መነጽሩን አስጠግቼ ደግሜ አየሁ። ይህን ለማየት ስንት ዓመት ወንፊት ነቅንቄያለሁ! እና ያየሁት በመጥረቢያ ተፈልጦ፣ ጨው ገብቶበት፣ ተቀቅሎ ነው።

«ሠርቷል?» አሉ ኦቦ ድሪባ።

«ሠርቷል» አሉ ዶክተር ቶሎሳ።

ጉተማ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «ዶክተር፣ መቅኑ እንደማያድነኝ አውቃለሁ፤ አባባን እንዳላሳዝነው ነው የበላሁት። ግን ዶቃው ራሱ ከሠራ ለእኔም ያድርጉልኝ። ለሐኪሞቹ ይስጡልኝ፣ ይሙሉልኝ።»

«አልችልም ልጄ።»

«ለምን?»

ሁሉንም አስረዱት፣ እንደ ተማሪያቸው። በሰው ላይ አልተፈቀደም። የአንድ በግ አጥንት ማስረጃ አይሆንም። ዶቃው የቀለጠው በጠርሙስ ፋብሪካ እቶን ነው፣ ቢመርዝህስ? ለበግ ያልከፋ ለሰው ሊከፋ ይችላል፣ ያለችህንም እግር ላጠፋብህ እችላለሁ። ጉተማ ሳያቋርጥ አዳመጠ።

«ለበጉ ማን ፈቀደለት?» አለ በመጨረሻ።

ዶክተር ቶሎሳ አጥንቱን ከእጄ ወስደው በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉት። ኦቦ ድሪባ ወንበራቸውን ወደ ጓደኛቸው ሳቡ። «ቶሌ፣ ዶቃው ተርፎሃል አይደል? ላቦራቶሪህ ውስጥ አለ።»

«አለ።»

«አለህ፣ ግን አትሰጠኝም።»

«አልሰጥህም ድሪባ።»

ኦቦ ድሪባ ተነስተው ወደ ልጃቸው መደብ ሄዱ። ብሉ ጠጡም አላሉንም። በዚያ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የቀረውን ቶሎ ልበለው፣ ሳስበው ያመኛል። አጥንቱን ለኮሚቴው አቀረብን። «የተቀቀለና በመጥረቢያ የተፈለጠ ናሙና ተቀባይነት የለውም» ተባልን፤ አንደኛው አባል እየሳቀ ነበር። ትክክል ናቸው፣ እኔም ኮሚቴ ብሆን ይህንኑ እል ነበር፤ ይህም ያናድደኛል። ምርምሩ ተዘጋ። የጉተማ አጥንት አልገጠመም፣ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ለእሱ እግር ግን ምን ፈየደለት? ዶክተር ቶሎሳ ጡረታ እስኪወጡ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ነበልባሉን ግን ዳግም አልለኮሱትም። ሱሉልታ ይሄዱ ነበር፤ ኦቦ ድሪባ አንዳንዴ በሩን ይከፍቱላቸዋል፣ አንዳንዴ አይከፍቱላቸውም።

እኔ ስለ እሳቸው ሳስብ የሚመጣብኝ ግን የዚያን ቀን መልስ ጉዟችን ነው። በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተጠጋግተን ተቀምጠናል፤ አጥንቱ በፌስታል ሆኖ ጭናቸው ላይ ነው። እኔ ከሱሉልታ እስከ እንጦጦ አፌን አልዘጋሁም። ኦቦ ድሪባን ረገምኩ፣ ኮሚቴውን ረገምኩ፣ የእንስሳት ማቆያውን ጣሪያ ሳይቀር ረገምኩ። እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ከተማው ከታች ሲታይ ደከመኝና ለማጽናናት ብዬ፣ «ቢያንስ አንድ ነገር አወቅን፣ ዶክተር። ሠርቷል» አልኳቸው።

«ምነው ባልሠራ» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

ፌስታሉን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ባይሠራ ኖሮ» አሉ፣ «ያንን ልጅ አይዞህ ብዬው መውጣት እችል ነበር።»